ከባሕር ዳር ወደ ጀርመንና ስዊዘርላንድ፦ ከሦስት ልጆች ጋር የትኛው የባቡር ቅናሽ ካርድ ያዋጣል?

ጣናዳር_እናት · የካቲት 3 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁም። በዚህ ክረምት፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ ከባለቤቴና ከሦስቱ ልጆቻችን ጋር ጀርመን ያለችው እህቴ ዘንድ ልንሄድ ነው። የምትኖረው አውግስቡርግ ነው፤ ሙኒክ አጠገብ። ሐምሌ 15 ፍራንክፈርት እንገባለን፣ ሦስት ሳምንት ያህል እንቆያለን። ከዚያ ውስጥ አራት ቀኑን ስዊዘርላንድ፣ ሉሰርን ማሳለፍ እንፈልጋለን። ልጆቹ ተራራ የሚወጣ ባቡር በቪዲዮ ካዩ ወዲህ ሌላ ወሬ የላቸውም።

ግራ የገባኝ የባቡሩ ነገር ነው። አንዱ ዩሬይል ግዙ ይለኛል። ሌላው የ63 ዩሮው ወርሃዊ ትኬት ይበቃችኋል ይላል። እህቴ ደግሞ ስዊስ ትራቭል ፓስ የሚባል አለች። ሁሉም ቅናሽ ነው ይላሉ፤ በአምስት ሰው ሳባዛው ግን ቅናሹ አይታየኝም።

ትልቋ 11 ዓመቷ ነው፤ ሐምሌ 20 ላይ 12 ትሞላለች። ወንዱ 8፣ ትንሿ 3። ባሕር ዳር ባቡር ስለሌለን ልጆቹ የሚያውቁት ባጃጅና የዘጌን ጀልባ ነው። እኔም ከዚያ ብዙ የተሻልኩ አይደለሁም። ስለዚህ ከሀ ጀምራችሁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ዓባይማዶ · የካቲት 3፣ ከምሽቱ 2፡48

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! የእኔ ድምፅ ለዩሬይል ነው። አንዴ ከፍለው ለተወሰኑ ቀኖች በየባቡሩ የሚሄዱበት ፓስ ነው፤ በ33 አገር ይሠራል። የተዘጋጀው ከአውሮፓ ውጭ ለምንኖር ሰዎች ነው። ከ4 እስከ 11 ዓመት ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር በነፃ ይሄዳል፤ አንድ አዋቂ ሁለት ልጅ መያዝ ይችላል። ከ4 ዓመት በታች ያለ ደግሞ ጭራሽ ፓስ አያስፈልገውም። ስለዚህ የምትከፍሉት ለሁለታችሁ ብቻ ነው። ስልክ ላይ ይጫናል፣ ባመቻችሁ ባቡር ትሳፈራላችሁ። ከልጆች ጋር ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ሙኒክ_ነኝ · የካቲት 3፣ ከምሽቱ 4፡05

ጣናዳር_እናት፣ ሰላም ነሽ? እኔ ጊዮርጊስ አካባቢ ነው ያደግኩት፤ አሁን ኑሮዬ ሙኒክ ነው። የዓባይማዶን ሐሳብ አከብራለሁ፤ ነፃነቱ እውነት ነው። ግን ለእናንተ ጉዞ ዩሬይልን አልመርጥም። ምክንያቴን ላስረዳ።

ጀርመን ውስጥ ልጅ ከመነሻው በነፃ ነው የሚሄደው። በዶይቸ ባን፣ በጀርመኑ ባቡር ድርጅት፣ ረጅም ርቀት ባቡሮች፣ አይሲኢ በሚባሉት ማለት ነው፣ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ትኬት አያስፈልገውም። ከ6 እስከ 14 ያለው ደግሞ 15 ዓመት ከሞላው ሰው ጋር ሲሄድ አይከፍልም። ያ ማለት ሦስቱም ልጆችሽ በተራ ትኬትም በነፃ ናቸው። ዩሬይል "ልጆች ነፃ" ሲል እዚህ አገር ያለ ፓስም የምታገኚውን ነገር ነው የሚሰጥሽ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ትኬቱን ስትገዙ የልጆቹ ቁጥር የግድ መሞላት አለበት። መተግበሪያው ስንት ሰው ነው ብሎ ሲጠይቅ ሁለት አዋቂ፣ ሁለት ልጅ ብላችሁ አስገቡ። ዋጋው አይጨምርም፤ ትኬቱ ላይ ግን ይጻፋል። በኋላ እንጨምራለን ቢባል አይሆንም።

አሁን ቀኖቹን ቁጠሪ። ረጅም የባቡር ጉዞ ያለባችሁ ቀን አራት ነው፦ ከፍራንክፈርት አውግስቡርግ፣ ከአውግስቡርግ ሉሰርን፣ ከሉሰርን መመለሻ፣ ከዚያ ወደ ፍራንክፈርት። ሌላው ጊዜ እህትሽ ቤት ናችሁ፣ ወይ በአቅራቢያ ትንሸራሸራላችሁ። የፓስ ዋጋ ለጉዞ ቀን ሲካፈል ለአንድ ቀን ስንት እንደሚደርስ አውጪ። ከዚያ የዚያን ቀን ተራ ትኬት ዋጋ ጎኑ አስቀምጪ። ሱፐር ሽፓርፕራይስ የሚባለው ቀድመው ሲገዙት የሚረክሰው ትኬት ነው። በወቅቱ ከያዛችሁት ፓሱን ብዙ ጊዜ ያሸንፈዋል። ፓስ የሚያዋጣው በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ከተማ ለሚቀይር ሰው ነው። ሦስት ልጅ ይዞ እንደዚያ መሮጥ ደግሞ ለልጆቹም ለእናንተም ድካም ነው።

ሙኒክ_ነኝ · የካቲት 3፣ ከምሽቱ 4፡31

ስለ 63 ዩሮው ረስቼው። ዶይችላንድ ቲኬት ይባላል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በ49 ዩሮ ተጀመረ፣ በ2025 58 ሆነ፣ ከጥር 2026 ጀምሮ 63 ነው። በመላው ጀርመን በከተማ አውቶቡስ፣ በትራም፣ በምድር ውስጥ ባቡርና በክልል ባቡሮች ይሠራል። አይሲኢና አይሲ በሚባሉት ረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ አይሠራም።

ለአንድ ጎልማሳ ግሩም ነገር ነው። ለቤተሰብ ግን የልጅ ቅናሽ የለውም። 6 ዓመት የሞላው ሁሉ የራሱን ሙሉ ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ ለእናንተ አራት ትኬት፣ 252 ዩሮ ይመጣል። በዚያ ላይ በየወሩ ራሱን የሚያድስ ኮንትራት ነው፤ ወሩ በገባ እስከ 10ኛው ቀን ካልተሰረዘ የሚቀጥለውን ወርም ይቆርጣል። ያንቺ ጉዞ ደግሞ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ወር ይነካል። ትኬቱ የሚሠራው በፈረንጁ ወር ስለሆነ ሁለት ጊዜ ልትከፍሉ ነው።

በእሱ ፋንታ ባየርን ቲኬት እዩ። አውግስቡርግ ባየርን ውስጥ ስለሆነ በደንብ ያገለግላችኋል። የአንድ ቀን ትኬት ነው። ሁለት አዋቂዎች ከ6 እስከ 14 ዓመት ያሉ የራሳቸውን ልጆች በነፃ ይዘው በባየርን ክልል ባቡሮች ቀኑን ሙሉ ይሄዳሉ። የሥራ ቀን ከሆነ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ። ማብቂያው በማግስቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በዚህ ትኬት ሙኒክ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ፤ ሌላ ቀን ፉሰን ሄዳችሁ ኖይሽቫንሽታይን የሚባለውን ቤተ መንግሥት ታያላችሁ። ሌላ ቀን ሊንዳው። ሊንዳው ቦደን ሐይቅ ውስጥ ያለች ደሴት ናት፣ ባቡሩ በሐዲድ ደሴቷ ድረስ ይገባል። ሐይቁ 536 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። የእኛ ጣና ከአምስት እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ ልጆቹ ይህን እዚያ ቆመው ለዘመዶቻቸው ይናገሩ።

እህትሽም አብራችሁ ከሄደች በዚያው ትኬት ላይ ትጨመራለች። እስከ አምስት አዋቂ ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው ትንሽ ነው የሚጨመረው። ስማችሁን ትኬቱ ላይ መጻፍ አትርሱ።

ከፔዳ · የካቲት 4፣ ከጠዋቱ 1፡20

እንደምን አደራችሁ። እኔ ትምህርቴን ጀርመን ከቤተሰቤ ጋር ሆኜ ነው የተማርኩት፤ አሁን ተመልሼ ባሕር ዳር አስተምራለሁ። ሙኒክ_ነኝ የጻፈው ትክክል ነው። ግን ዓባይማዶ ያነሳት አንድ ቁም ነገር ሳትታይ እንዳታልፍ እፈልጋለሁ።

ሱፐር ሽፓርፕራይስ ርካሽ የሆነው ከአንድ ባቡር ጋር ስለታሰረ ነው። የ14፡05 ባቡር ከገዛችሁ የ14፡05ቱን ነው የምትሳፈሩት። ባቡሩ ራሱ ዘግይቶ መድረሻችሁ ላይ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚያዘገያችሁ ከሆነ እስሩ ይፈታል፣ በሌላ ባቡር መሄድ ትችላላችሁ። ትንሿ ልጅ ሽንት ቤት ብላ ባቡሩ ካመለጣችሁ ግን ትኬቱ ተቃጠለ ማለት ነው። ከልጅ ጋር የተጓዘ ሰው ይህ የማይሆን ነገር እንዳልሆነ ያውቀዋል።

ስለዚህ እኔ ቀኖቹን ለያይቼ ነው የማየው። ከአውሮፕላን የምትወርዱበት ቀን የታሰረ ትኬት በጭራሽ አትግዙ። በረራ ይዘገያል፣ የፓስፖርት ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ አለ። ለዚያ ቀን ፍሌክስፕራይስ የሚባለውን፣ ቀኑን ሙሉ በፈለጋችሁት ባቡር የሚያስኬደውን ግዙ። ውድ ነው፣ ግን የሁለት ሰው ብቻ ስለምትከፍሉ ይቻላል። ከእህትሽ ቤት ተረጋግታችሁ የምትነሱባቸው ቀኖች ላይ የታሰረው ርካሹ ይሁን። ባቡር ጣቢያ አንድ ሰዓት ቀድሞ መድረስ የለመድነው ነው፤ ምንም አይከብድም።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ትኬቱ ላይ ያለው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 14፡05 ማለት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ5 ነው። ባለቤትሽም ልጆቹም ሰዓታቸውን አውሮፕላን ላይ ሳሉ ይቀይሩት። ቤት ውስጥ ግማሹ በእኛ ግማሹ በእነሱ ሰዓት ሲያወራ ነው ባቡር የሚያመልጠው።

ዓባይማዶ · የካቲት 4፣ ከጠዋቱ 2፡02

ከፔዳ፣ ይህን ነው ማለት የፈለግኩት። አንድ ልጨምር። ባንካርድ 25 የሚባልስ? 25 ከመቶ ይቀንሳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሙኒክ_ነኝ · የካቲት 4፣ ከጠዋቱ 3፡15

አዎ፣ ከታሰረውም ከክፍቱም ትኬት ላይ 25 ከመቶ ይቀንሳል። ለሦስት ወር የሚያገለግል የሙከራ ካርድም አለ። ለጎብኚ የሚያስቸግረው በጊዜው ካልተሰረዘ ራሱ ወደ ዓመታዊ ካርድ መዞሩ ነው። እህቷ እዚያ ስላለች መሰረዙን ልትከታተልላት ትችላለች። የአራቱን ቀን ትኬት ደምረሽ 25 ከመቶው ከካርዱ ዋጋ የሚበልጥ ከሆነ ግዙት፣ አለበለዚያ ተዉት።

በርን_ያለሁ · የካቲት 4፣ ከቀኑ 9፡40

ጣናዳር_እናት፣ ስዊዘርላንድን ለእኔ ተዪው። እዚህ መኖር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ዘመድ ሲመጣ ይህን ስሌት ሁሌም የምሠራው እኔ ነኝ።

ለጎብኚ ሁለት ዋና ምርጫ አለ። አንዱ ስዊስ ትራቭል ፓስ ነው። ለ3፣ 4፣ 6፣ 8 ወይም 15 ተከታታይ ቀን ይገዛል። ባቡር፣ አውቶቡስ፣ ትራም፣ የሐይቅ መርከብ፣ ከ500 በላይ ሙዚየም፣ ሁሉም ውስጡ ነው። ተከታታይ ያልሆነ ቀን የሚመረጥበት ፍሌክስ የሚባል ዓይነትም አለው። ሁለተኛው ሃልፍ ፌር ካርድ ነው። ለአንድ ወር የሚያገለግል ሆኖ ማንኛውንም ትኬት ማለት ይቻላል በግማሽ ዋጋ ያስገዛል።

አሁን ልብ በይ። ሁለቱም ጋር ስዊስ ፋሚሊ ካርድ በነፃ ይሰጣል። በዚህ ካርድ ከ6 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ከወላጅ ጋር በነፃ ይሄዳሉ፤ ከ6 በታች ያሉት ድሮውንም ነፃ ናቸው። ነፃ ቢሆንም ግን ሲገዙ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በራሱ አይመጣም። ብዙ ሰው ፓሱን ብቻ ገዝቶ ይመጣና ለልጆቹ በጣቢያው ግማሽ ዋጋ ይከፍላል። በጣም የሚያበሳጨኝ ነገር ይህ ነው።

ስለዚህ በሁለቱም መንገድ የልጆቹ ዋጋ ዜሮ ነው። የምታወዳድሪው የሁለት አዋቂ ዋጋ ብቻ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ አራቱን ቀን የምትሄዱበትን ሁሉ በስዊስ ባቡር ድርጅት መተግበሪያ ሙሉ ዋጋውን እየፈለግሽ ደምሪ። ድምሩን ለሁለት አካፍለሽ የሃልፍ ፌር ካርዱን ዋጋ ጨምሪበት። ከአራት ቀኑ ፓስ ካነሰ ሃልፍ ፌር ግዢ። ከበለጠ ፓሱን።

ሉሰርን ላይ ግን ወደ ፓሱ የሚያጋድል ነገር አለ፤ እሱም ሪጊ ተራራ ነው። የልጆችሽ ቪዲዮ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ከፊትስናው ወደ ሪጊ የሚወጣው ባለጥርስ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1871 የተከፈተ፣ በአውሮፓ የመጀመሪያው የተራራ ባቡር ነው። ብዙ የተራራ ባቡሮች በፓሱ ግማሽ ዋጋ ብቻ ናቸው፤ ሪጊ ግን ሙሉ በሙሉ ውስጡ ነው። ከሉሰርን በመርከብ ፊትስናው፣ ከዚያ በባቡር ተራራው ላይ፣ በሌላው ጎን በአርት ጎልዳው ወርዶ በባቡር ወደ ሉሰርን። ያ ቀን ብቻውን የፓሱን ትልቅ ድርሻ ይመልሳል። ፒላቱስ የሚባለው ሌላ ተራራ እዚያው አለ። ባቡሩ 48 ከመቶ ዳገት ይወጣል፤ በዓለም ካሉት ባለጥርስ ባቡሮች ሁሉ በጣም ቀጥ ያለ ዳገት የሚወጣው እሱ ነው። ለእሱ ፓሱ ግማሽ ነው የሚቀንሰው።

ሁለት ቀን ሪጊና ሌላ ከተማ፣ ሁለት ቀን ሐይቅ ዳር ልጆቹን ማጫወት ከሆነ ሐሳባችሁ፣ ሃልፍ ፌር ሊያሸንፍ ይችላል። በየቀኑ ወደ አንድ ቦታ የምትወጡ ከሆነ ፓሱ። ከእናንተ በቀር ማንም አይመልሰውም።

ጣናዳር_እናት · የካቲት 4፣ ከምሽቱ 1፡30

እናንተ ልጆች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ባለቤቴ በስልክ እየተነበበለት ነው። በርን_ያለሁ፣ አንድ ልጠይቅሽ። ምናልባት እኔና ባለቤቴ አንድ ቀን አርፈን እህቴ ልጆቹን ይዛ ልትወጣ ትችላለች። ካርዱ ከእሷ ጋር ይሠራል?

ሌላው ያልገባኝ፣ ትልቋ ልጄ አንዱ ጋር ልጅ ናት፣ ሌላው ጋር አዋቂ ናት። እንዴት ነው ነገሩ?

በርን_ያለሁ · የካቲት 4፣ ከምሽቱ 2፡12

ፋሚሊ ካርዱ ከወላጅ ጋር ነው የሚሠራው። አክስት አትሆንም፣ አያትም አይሆኑም። ያን ቀን ከወላጆች አንዳችሁ አብራችሁ ውጡ።

ስለ ትልቋ፣ ትክክል ነሽ፤ ይህ ነው ሁሉንም ሰው የሚያደናግረው። "ልጅ" የሚባለው ዕድሜ በየአገሩ ይለያያል። ጀርመን እስከ 14፣ ስዊዘርላንድ እስከ 15፣ ዩሬይል እስከ 11። በዩሬይል ከ12 እስከ 27 ያለው ወጣት ይባላል፤ ቅናሽ አለው ግን ይከፍላል። ፈረንሳይ ውስጥ ልጅ ከ4 እስከ 11 ነው። እንግሊዝ አገር ደግሞ ከ5 እስከ 15። አንድ ልጅ ድንበር በተሻገረ ቁጥር ዕድሜው እንደተቀየረ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ "ልጆች በነፃ" የሚል ስታዪ መጀመሪያ የምትፈልጊው ቁጥሩን ነው።

ጊዮርጊስ_ሰፈር · የካቲት 4፣ ከምሽቱ 3፡00

ስለ 12 ዓመት ሲነሳ ቪዛውንም አስቡት። የሼንገን ቪዛ ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ከ6 ዓመት እስከ 12 ዓመት ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ። ከ6 በታች ነፃ። ልጅሽ ሐምሌ 20 ላይ ነው 12 የምትሞላው፤ ማመልከቻው ከዚያ በፊት ስለሚገባ በ45ቱ ውስጥ ናት። ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ጀምሮ ማመልከት ስለሚቻል አሁኑኑ ቀጠሮ ያዙ። ክረምት ላይ ሰው ይበዛል። ብዙ ቀን የምትቆዩት ጀርመን ስለሆነ ማመልከቻው ወደ ጀርመን ኤምባሲ ነው። ስዊዘርላንድም ሼንገን ውስጥ ስለሆነች ሌላ ቪዛ አትጠይቅም።

ቪዛው ሳይወጣ ግን የማይመለስ ትኬት እንዳትገዙ። ሱፐር ሽፓርፕራይስ አይመለስም። ተራው ሽፓርፕራይስ በትንሽ ቅጣት ይሰረዛል። ልዩነቱ ጥቂት ዩሮ ነው።

ከፔዳ · የካቲት 4፣ ከምሽቱ 3፡25

በዚሁ ላይ። የሚቆጠረው ፓስፖርቱ ላይ ያለው የፈረንጅ የልደት ቀን ነው። የልጅሽ ሐምሌ 20 ቀን 2006 ዓ.ም. በእነሱ ጁላይ 27 ቀን 2014 ነው። ፓስፖርቱና የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ይህ ተመሳሳይ መሆኑን ዛሬ ማታ አውጥታችሁ እዩ። ቀን ሲመነዘር የሚፈጠር ስህተት ያጋጥማል። የተሳሳተ ከሆነ አሁን የማስተካከያ ጊዜ አላችሁ።

ሌላ የእኛ አገር ጉዳይም አለ። ባለቤትሽና ልጆቹ በአባት ስም ይገናኛሉ። አንቺ ግን የአባትሽ ስም ነው ያለሽ። እዚያ ያለው ሰው የእናትና የልጅ የቤተሰብ ስም አንድ እንዲሆን ይጠብቃል። ባቡር ላይ ባይጠይቁ እንኳ ድንበር ላይ አንቺ ብቻሽን ልጆቹን ይዘሽ ብትሻገሪ ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። የተተረጎመና የተረጋገጠ የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ በቦርሳሽ ይኑር። አንድ ጓደኛዬ ባለቤቱ ሌላ ፉርጎ ውስጥ እያለች ተቆጣጣሪ ልጆቹን "የማን ናቸው?" ብሎ ጠይቋቸዋል። ወረቀቱ ስለነበረ በደቂቃ አለቀ።

ጎርጎራ_ነፋሻ · የካቲት 5፣ ከጠዋቱ 4፡10

ክሩን ልጥለፍባችሁ ካልከበዳችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። እኛ የምንሄደው ፓሪስ ነው፣ ወንድሜ ዘንድ። ልጆቼ 5 እና 10 ናቸው። ከፓሪስ ወደ ሊዮንና ማርሴይ መሄድ እንፈልጋለን። ለእኛስ ዩሬይል?

ሙኒክ_ነኝ · የካቲት 5፣ ከጠዋቱ 5፡00

ፈረንሳይ ላይ ፓስ ሌላ ችግር አለው። ቴጂቪ በሚባለው የፈረንሳይ ፈጣን ባቡር ላይ ፓስ ኖሯችሁም የመቀመጫ ሪዘርቬሽን ግዴታ ነው፤ ይከፈልበታል፤ በነፃ ፓስ ለሚሄዱት ልጆችም ጭምር። በዚያ ላይ ለፓስ ያዦች የሚመደበው መቀመጫ ውስን ነው። በክረምት ወር ያልቃል። ጀርመን፣ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ አብዛኛው ባቡር ላይ ግዴታ የለም፤ ለዚህ ነው ፓስ እዚያ የሚቀለው።

ለእናንተ ካርት አቫንታዥ የሚባለውን እዩ። የአንድ ዓመት ካርድ ነው፣ 49 ዩሮ። ባለካርዱና አብሮት ያለው አንድ አዋቂ 30 ከመቶ፣ ከ4 እስከ 11 ዓመት ያሉ እስከ ሦስት ልጆች ደግሞ 60 ከመቶ ቅናሽ ያገኛሉ። ሁለቱም ልጆችህ በዚህ ዕድሜ ውስጥ ናቸው። አንዱ ወላጅ ብቻ ነው ካርዱን የሚገዛው።

ዘጌ_ማዶ · የካቲት 5፣ ከቀኑ 7፡45

እንግሊዝ ለሚሄድም ልጨምር። ፋሚሊ ኤንድ ፍሬንድስ ሬይልካርድ የሚባል አላቸው፣ በዓመት 35 ፓውንድ። አዋቂዎች ሲሶ፣ ልጆች 60 ከመቶ ይቀነስላቸዋል። እስከ አራት አዋቂና አራት ልጅ በአንድ ካርድ። የግድ ቢያንስ አንድ ልጅ አብሮ መሄድ አለበት። ከ5 ዓመት በታች ያለው በነፃ ነው።

ቀበሌ_ዋርካ · የካቲት 5፣ ከምሽቱ 1፡05

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ጣናዳር_እናት፣ ልጆቹ ባቡር አይተው አያውቁም ብለሻል። በአዲስ አበባ ስታልፉ ግማሽ ቀን ካላችሁ ቀላል ባቡሩ ላይ አሳፍሪያቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ነው ሥራ የጀመረው። ሲቆም በሩ እንዴት እንደሚከፈት፣ ከመስመሩ ምን ያህል ርቀው መቆም እንዳለባቸው እዚያ ይማራሉ። ትንሿን ልጅ በተለይ። ፍራንክፈርት ስትደርሱ ሁሉ ነገር አዲስ አይሆንባትም።

የባቡር ታሪክም ከወደዱ የድሬዳዋን ንገሪያቸው። የፈረንሳዮቹ ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፣ አዲስ አበባ በ1917። ባቡር የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስላቸው።

ጣናዳር_እናት · የካቲት 6፣ ከምሽቱ 2፡40

ትናንት ማታ ፓስፖርቶቹን አውጥተን አየን፤ ቀኖቹ ትክክል ናቸው፣ ተመስገን። ከፔዳ፣ ባለቤቴ በጣም አመስግኚልኝ ብሎኛል።

እስካሁን የደረስንበትን ልጻፍ። ዩሬይል ትተነዋል። ከፍራንክፈርት አውግስቡርግ ክፍቱን ትኬት፣ ወደ ፍራንክፈርት ስንመለስ ደግሞ የታሰረውን ግን የሚሰረዘውን ዓይነት እንወስዳለን። በመካከል ለሙኒክ፣ ለፉሰንና ለሊንዳው ባየርን ቲኬት። የስዊዘርላንዱን ገና አልወሰንንም፤ ልጆቹ ሪጊም ፒላቱስም ይላሉ፣ ባለቤቴ አንዱ ይበቃል ይላል። ሒሳቡን እህቴ እየሠራችው ነው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ከአውግስቡርግ ሉሰርን በየት ነው የሚኬደው? ስዊስ ፓሱ ከየት ጀምሮ ነው የሚሠራው? ሁለተኛ፣ ትንሿ 3 ዓመቷ ነው፤ በነፃ ትሄዳለች ካላችሁ መቀመጫ አላት ወይስ እቅፌ ላይ ነው?

ከፔዳ · የካቲት 6፣ ከምሽቱ 3፡10

ስለ ምስጋናው እኔም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ጊዜ ካላችሁ ጣና ዳር እንገናኝ። የጀርመኑንም የስዊዙንም መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ እጭንላችኋለሁ፣ አንድ ሁለት የሙከራ ፍለጋ አብረን እንሠራለን። ልጆቹንም ይዛችሁ ኑ፤ የእኔ ልጆች የአይሲኢውን ጉዞ ያስታውሳሉ፣ ይነግሯቸዋል።

በርን_ያለሁ · የካቲት 6፣ ከምሽቱ 3፡35

መንገዱን ልንገርሽ። ከአውግስቡርግ በክልል ባቡር ቡህሎኤ ትደርሳላችሁ። እዚያ ከሙኒክ ወደ ዙሪክ የሚሄደውን ቀጥታ ባቡር ትይዛላችሁ። በሊንዳውና በኦስትሪያዋ ብሬገንዝ በኩል አልፎ ሳንክት ማርግሬተን ላይ ስዊዘርላንድ ይገባል። ከዙሪክ ሉሰርን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስዊስ ፓሱ ከድንበሩ ወዲህ ስለሆነ የሚሠራው፣ እስከ ሳንክት ማርግሬተን ያለውን ለብቻው ትገዛላችሁ። ባየርን ቲኬቱ በዚህ ዙሪክ በሚሄደው ባቡር ላይ አይሠራም፤ በክልል ባቡር ሊንዳው ድረስ ለመሄድ ብቻ ነው።

ፓሱን ለአራት ቀን ከገዛችሁ የምትገቡበት ቀንም የምትወጡበት ቀንም ይቆጠራል። ቀኑ የሚቆጠረው በካሌንደር ቀን ነው እንጂ ከተሳፈራችሁበት ሰዓት ጀምሮ አይደለም። ማታ ዘግይታችሁ የምትገቡ ከሆነ አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ጉዞ ይቃጠላል። ስለዚህ ጠዋት ተነሱ፣ ከሰዓት በኋላ መርከቡ ላይ ሁኑ።

ትንሿ በነፃ ትሄዳለች፤ የተያዘ መቀመጫ ግን የላትም። ቦታ ካለ ትቀመጣለች፤ ባቡሩ ከሞላ እቅፍሽ ላይ ናት። ጀርመን ውስጥ በረጅም ርቀት ባቡር ላይ ለእሷም ቢሆን ሪዘርቬሽን ክፈሉላት። ድሮ ለቤተሰብ አንድ ላይ የሚከፈል ርካሽ ሪዘርቬሽን ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን ለእያንዳንዱ መቀመጫ ነው የሚከፈለው። ክረምት ላይ አይሲኢ ይሞላል፤ አምስት ሰው ተበታትኖ ሦስት ሰዓት ከሚሄድ ብትከፍሉ ይሻላል። ስትይዙ አይሲኢ ላይ የሕፃናት ክፍል የሚባለውን ፈልጉ፤ በር አለው፣ ጋሪም ይገባል። እዚህ ስዊዘርላንድ ደግሞ ባለፎቁ የረጅም ርቀት ባቡር ላይ የልጆች መጫወቻ ያለበት ፉርጎ አለ፤ ላይኛው ፎቅ ነው፣ በሩ ላይ ሥዕል አለው። ሪዘርቬሽን አያስፈልግም፤ ቀድማችሁ ግቡ።